ምዕራፍ 7፦ ጠፍቶ የሚመለስ መብራት

በርቶ የሚቀር የቼክ ኢንጂን መብራት ብዙም አያስቸግርም። ብልሽቱ እዚያው አለ፤ መካኒኩ ሲፈልገው ያገኘዋል። ሰው የሚያማርረው ጠፍቶ የሚመለሰው ነው። ኮዱ ይነበባል፣ አንድ ዕቃ ይቀየራል፣ መብራቱ ይጠፋል፤ ባለመኪናው ከፍሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወር በኋላ፣ ያቺው ቢጫ ሞተር ዳሽቦርዱ ላይ ቁጭ ትላለች። ኮዱም ያው ነው። ሌላ ዕቃ ይቀየራል። ይሄም ይደገማል።

እንዲህ ያለው አዙሪት የማይደርስበት መኪና የለም። እዚህ ግን ነገሩን በአንድ መኪናና በአንድ ኮድ ላይ እናየዋለን። መኪናው ከ1997 እስከ 2003 (እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተሠራው ፎርድ ኤፍ 150 ፒክአፕ ነው፤ ባለ 4.6 ሊትሩ፣ ባለ 8 ሲሊንደሩ። ኮዱ ደግሞ ፒ0401 ነው። የፎርድ ኤፍ ፒክአፖች ከ1977 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ የሚቀድማቸው ፒክአፕ አልተገኘም፤ የዚያ ዘመኖቹም ዛሬ ድረስ መሰላልና ቀለም፣ ቧንቧና ጡብ ተሸክመው ይሠራሉ። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ የራሱን ሥራ የጀመረ ሐበሻ ደጃፍ ላይም ይታያሉ። እዚያ አካባቢ የጭስ ምርመራ አለ። ምርመራው የሚመለከተው መኪና መብራቱ በርቶ ቢቀርብ ይወድቃል፤ ስለዚህ «ይብራ፣ ምን አገባኝ» ብሎ መንዳት አያዋጣም።

ፒ0401 ሲፈታ «የኢጂአር ፍሰት አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል» ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የኢጂአር ቫልቭ ተበላሽቷል አላለም፤ ሴንሰር ቀይሩም አላለም። ይመጣል ብሎ የጠበቀው ነገር ሳይመጣ መቅረቱን ብቻ ነው የነገረን። ለምን እንደቀረ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክነው ይህን ሪፖርት እንደ ዕቃ መግዣ ዝርዝር አድርጎ በማንበብ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይሄኔ ነው።

መጀመሪያ ኢጂአር የሚባለው ምን እንደሚሠራ እንይ። ሥርዓቱ ከሞተሩ የወጣውን ጭስ ጥቂቱን መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። ለሰሚው እብደት ይመስላል፤ ተቃጥሎ የወጣ ጭስ ተመልሶ ገብቶ ምን ይፈይዳል? የሚፈይደው ሙቀት ላይ ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ኦክስጅን ነው። ሁለቱ ዘወትር ጎን ለጎን ናቸው እንጂ አይጣመሩም። ሲሊንደሩ ውስጥ ነበልባሉ ከ1,370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲያልፍ ግን በብዛት መጣመር ይጀምራሉ፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባሉት ጋዞችም ይፈጠራሉ። የወጣው ጭስ ደግሞ ኦክስጅኑ ያለቀበት፣ ዳግመኛ የማይቃጠል ጋዝ ነው። ከአዲሱ አየርና ቤንዚን ጋር ሲገባ ቦታ ይይዛል፣ ሙቀት ይጠጣል፣ የነበልባሉም ከፍተኛ ሙቀት ዝቅ ይላል። ብዙም አያስፈልግም፤ በቤንዚን ሞተር ከመቶ አምስትም አሥርም እጅ ቢመለስ ለውጡ ትልቅ ነው።

ይህን ያህል ጣጣ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ታሪኩ የሚጀምረው ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ከተማዋ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዓይን የሚያቃጥል፣ ቡናማ ጭጋግ ይሸፍናት ነበር። የጭጋጉ ምንጭ ብዙ ካከራከረ በኋላ፣ አሪ ሃገን-ስሚት የተባለው የካልቴክ ኬሚስት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነገሩን ፈታው። ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣው ሃይድሮካርቦን ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ኦዞን ይወልዳል። ከዚያ በኋላ ካሊፎርኒያ ቀደመች፤ በ1970 የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ጠበቀ፤ በዚያው አሥር ዓመት መጀመሪያ ላይ ኢጂአር የአሜሪካ መኪኖች ላይ መታየት ጀመረ።

በዚያ ዘመን ግን ተቆጣጣሪ አልነበረውም። ቱቦው ተደፍኖ ዓመታት ቢቀመጥ የሚያውቅ የለም፤ ሾፌሩ እንዲያውም መኪናዬ ደህና ናት ብሎ ይነዳል። ይህን የለወጠው ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ አዲስ አውቶሞቢልና ቀላል የጭነት መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው ኦቢዲ 2 ነው። ከመሪው ሥር ያለችው ባለ 16 እግር መሰኪያ የመጣችው ከእሱ ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ መኪናው ራሱን ይፈትናል። የኛ ጉዳይ ያለው «ራሱን ይፈትናል» የሚለው ላይ ነው፤ ፈተናው እንዴት እንደሚካሄድ ያላወቀ ሰው ኮዱን ከነትርጉሙ በቃሉ ቢይዘውም አይጠቅመውም።

ኤፍ 150 ላይ እንዲህ ነው። ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ አንድ የብረት ቱቦ ተነስቶ ወደ ኢጂአር ቫልቩ ይሄዳል። ቱቦው ውስጥ አንድ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ማጥበቢያ ተቀምጧል። ጭስ በጠባቡ ሲያልፍ ከማጥበቢያው በፊት ያለው ግፊት ከማጥበቢያው በኋላ ካለው ይበልጣል፤ ፍሰቱ በበዛ ቁጥር ልዩነቱም ይሰፋል። ከግራና ከቀኙ ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ወጥተው ዲፒኤፍኢ ወደሚባል ሴንሰር ይገባሉ፤ ሴንሰሩ የሁለቱን ልዩነት ወደ ቮልት ይለውጣል። ቫልቩን የሚከፍተው ቫኪዩም ነው። ቫኪዩሙን መጥኖ የሚሰጠው ደግሞ ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚቀበል ኢቪአር የሚሉት ሶሌኖይድ ነው።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ «ክፈት» ብሎ ያዛል፤ ከዚያ ቮልቱን ያያል። ጭሱን አያየውም፤ ቫልቩንም አያየውም። ቮልቱ እንደጠበቀው ካልወጣ «ፍሰት አነሰኝ» ብሎ ይመዘግባል። ይህ ሊሆን የሚችልባቸው መንገዶች ግን ብዙ ናቸው። ጭሱ በደንብ እያለፈ ሴንሰሩ አሳንሶ ሊያነብ ይችላል። ሴንሰሩ ጤነኛ ሆኖ ወደሱ የሚሄደው ቱቦ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ቫኪዩም ስላልደረሰው ቫልቩ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። ቫልቩ ተከፍቶም ከሱ በኋላ ያለው መተላለፊያ በካርቦን ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ለአራቱም የሚጻፈው ያው ፒ0401 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፋት አንድ ጥቆማ አለች። ፎርድ በዚህ ሥርዓት ላይ ሌሎች ኮዶችም አሉት። የሴንሰሩ ቮልት ከልክ በታች ሲወርድ ፒ1400፣ ከልክ በላይ ሲወጣ ፒ1401 ይመጣል። ከሁለቱ ቱቦዎች አንዱ ሲወልቅ ወይም ሲደፈን ፒ1405 ወይም ፒ1406 ይጻፋል። ቫልቩ ሳይዘጋ ሲቀር ደግሞ ፒ0402 አለ። ስለዚህ ፒ0401 ብቻውን ሲመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ የሞተ ዕቃ የለም ማለት ነው፤ የደከመ ነው ያለው። የደከመ ነገር ደግሞ አንድ ቀን ያልፋል፣ አንድ ቀን ይወድቃል። የመብራቱ መመላለስ ከዚህ ይጀምራል።

ግማሹ ምክንያት ግን ዕቃው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ፈተና ሁልጊዜ አያካሂድም። ኢጂአር ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዝግ ነው፤ ሚኒሞ ላይ ዝግ ነው፤ ነዳጅ እስከ ወለሉ ሲረገጥም ዝግ ነው። የሚከፈተው ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናው በተረጋጋ ፍጥነት ሲሄድ ነው፤ ፈተናውም የሚጠብቀው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ መውደቅ ብቻውን መብራቱን አያበራውም። መጀመሪያ ሲወድቅ በጓዳ ይመዘገባል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ፈተናው ተካሂዶ እንደገና ሲወድቅ ነው መብራቱ የሚበራው። ሲጠፋም በአንዴ አይጠፋም፤ ሦስት ጉዞ ተከታትሎ ማለፍ አለበት። ኮዱ ራሱ ከመዝገብ የሚፋቀው ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ዕድሜው ገፋ ያለ ቧንቧ ሠራተኛ መኪናውን ይዞ ሲመጣ ጥሩ መካኒክ ስካነሩን ከማውጣቱ በፊት የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

«ጋሼ፣ መብራቱ መቼ መቼ ነው የሚበራው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ሲያሰኘው ነዋ።»

«ባለፈው ከጠፋ በኋላ ሀይዌይ ወጥተው ነበር?»

«የት እሄዳለሁ ብለህ! ሥራዬ እዚሁ እዚሁ ነው። ቅዳሜ ዕለት ብቻ ልጄን ልጠይቅ ሪችመንድ ወርጄ ነበር። ማታ ስመለስ መንገድ ላይ በራ። መቼም የዚያ አገር ቤንዚን አልተስማማውም መሰለኝ።»

ቤንዚኑ ምንም አላደረገም። ሲሄዱ አንድ ፈተና ወደቀ፤ ሲመለሱ ሁለተኛው ወደቀ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሦስት ሳምንታት ከአሌክሳንድሪያ አርሊንግተን፣ ከመብራት መብራት፣ ከሥራ ሥራ ነበሩ፤ ፈተናው አልተካሄደም። ባለመኪናው ግን በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ «ሴንሰሩ ተቀይሮ ተሻለው» ብሎ ለሰው ሁሉ ነግሯል። መካኒኩም የሠራሁት ሠርቷል ብሎ ረስቶታል። መብራቱ ሲመለስ ሁለቱም ዕቃውን «ፎርጅድ ነው» አሉት። በጠፋበት ጊዜ ውስጥ መኪናው ምንም አልተፈተነም ነበር፤ ስለ ጥገናውም የተገኘ አንድም ማስረጃ አልነበረም።

በእርግጥ ዲፒኤፍኢ ሴንሰሩ ስሙ የጠፋው በከንቱ አይደለም። የቆየው ዓይነት የአልሙኒየም ቅርፊት አለው። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ ያ እርጥበት በሁለቱ ቱቦዎች ገብቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ውስጡን ይበላዋል። ፎርድ በኋላ ላይ የፕላስቲክ ቅርፊት ያለው አመጣ። ገና አልሙኒየሙን ተሸክሞ የሚዞር መኪና ከተገኘ ሴንሰሩን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ግን መጠርጠርና መቀየር አንድ አይደሉም፤ መለካት የሚባል ነገር በመሃል አለ፤ እሱም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሦስት ሽቦዎች አሉት። አንዱ ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ መመለሻ ነው፣ ሦስተኛው ልኬቱን ይወስዳል። ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሦስተኛው ሽቦ ላይ የቆየው ዓይነት ግማሽ ቮልት አካባቢ፣ ፕላስቲኩ ደግሞ 1 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ሞተሩ ተነስቶ ሚኒሞ ላይ ሲሆን ቁጥሩ እዚያው መቆየት አለበት፤ ቫልቩ ዝግ ነዋ። ስካነሩ ይህን ቮልት ሞተሩ እየሠራ የሚያሳይ ከሆነ ሽቦ መንካትም አያስፈልግም።

የጎማ ቱቦዎቹን በተመለከተ ዓይን ብቻ አይበቃም። ከላይ ሲያዩዋቸው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ደህና ይመስላሉ። ጫፋቸውን ከብረቱ አውልቆ በሁለት ጣት ጎንበስ ሲያደርጉት ግን፣ ብረቱን ያቀፈበት ቦታ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አፉን ይከፍታል፤ ጣት ሲለቀው ይዘጋል። ከውስጥ ደግሞ ሙቀቱ አድርቆት እንደ ከሰል ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪውም ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሁለቱ ቱቦዎች ውፍረታቸው የተለያየ መሆኑ በጎ ነገር ነው፤ እንደ ልብ አይቀያየሩም። እንደ ምንም አስገድዶ የሚያለዋውጥ ግን አይጠፋም። የሙቀቱ ነገር ስላለ ከመለዋወጫ መደብር የተቆረጠ ተራ የጎማ ቱቦ እዚህ አይሰነብትም፤ ሲሊኮኑን መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። የሚያስፈልገው በእጅ የሚሠራ፣ ጌጅ ያለው የቫኪዩም ፓምፕ ነው፤ ከሴንሰሩ ዋጋ ብዙም አይበልጥም፤ ይህን የመሰለ መኪና ያለው ሰው ቢገዛው ቶሎ ይመልስለታል። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ ከኢጂአር ቫልቩ አናት ላይ የቫኪዩም ቱቦውን አውልቆ በምትኩ ፓምፑን መሰካትና መሳብ። ያን ጊዜ ቫልቩ ተከፍቶ ጭስ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ሚኒሞ ላይ ሞተር ጭስ አይወድም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ሊጠፋም ይችላል። መንቀጥቀጡ ጥሩ ዜና ነው። ቫልቩ ይከፈታል፣ መንገዱም በተወሰነ መጠን ክፍት ነው ማለት ነው።

ከዚያ የሚታየው ቮልቱ ነው። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ቮልቱ ካልተነሳ፣ ጭሱ እያለፈ ሴንሰሩ አላየውም፤ ጥፋቱ ከሴንሰሩና ከሁለቱ ቱቦዎች አያልፍም። ሞተሩ ምንም ካልመሰለው ደግሞ የፓምፑን ጌጅ ማየት ነው። መርፌው ወደ ዜሮ ከተመለሰ የቫልቩ ሽፋን ተቀድዷል። መርፌው ቆሞ ሞተሩ ካልተነቃነቀ መተላለፊያው ተደፍኗል፣ አለዚያም ቫልቩ ተጣብቋል። ሁሉም በእጅ ደህና ሆኖ ከተገኘ የቀረው የቫኪዩሙ ሰንሰለት ነው፦ ኢቪአር ሶሌኖይዱ፣ ወደሱ የሚመጡት ሽቦዎች፣ ከሞተሩ ጀርባ የሚዞሩት ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች። እነዚህ ቱቦዎች ከዓመታት ሙቀት በኋላ ሲነኳቸው እንደ ደረቅ እንጨት ይሰበራሉ፤ ሲፈትሹ ሌላ ብልሽት እንዳይጨምሩ ቀስ ማለት ያስፈልጋል።

ይህ የእጅ ፈተና በየመጽሐፉ ያለ ነው። ብዙ መጽሐፍ የማይናገረው ግን አንድ ቀዳዳ አለው፤ የተመላሹ ኮድ ምስጢር ብዙውን ጊዜ የተደበቀው እዚያ ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩን ለማንቀጥቀጥ ጥቂት ጭስ ይበቃል። ሀይዌይ ላይ ኮምፒውተሩ የሚጠይቀው ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው። መተላለፊያው ሦስት አራተኛው ቢደፈንም የቀረው ቀዳዳ ሚኒሞ ላይ ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል። መካኒኩ «መንገዱ ክፍት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ወደ ሴንሰሩም ይሄዳል። ሴንሰሩ ያረጀ ከሆነ ደግሞ በእውነትም ትንሽ አሳንሶ ያነባል። አሁን ሁለት ግማሽ ብልሽቶች አንድ ላይ ሆነው ውጤቱን ከማለፊያው በታች አውርደውታል። ሴንሰሩ ሲቀየር አንዱ ግማሽ ይነሳል፤ ፈተናው ድንበሩን ታክኮ ያልፋል፤ መብራቱም በሐቅ ይጠፋል። ካርቦኑ ግን ሥራ አይፈታም። ጥቂት ወራት ሲጨመሩበት ያው ኮድ ይመለሳል፤ «ሴንሰሩን ቀይረነዋል፣ እሱ አይደለም» ተብሎ ወደ ቫልቩ ይታለፋል። ቫልቩም አይደለም።

ስለዚህ መኪናው ብዙ የተነዳ ከሆነና ኮዱ አንዴ ከተመለሰ፣ የእጅ ፈተናው ምንም ይበል ምን፣ ጭሱ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀልበትን ትሮትል ቦዲ አውርዶ በዓይን ማየት የኔ ምክር ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ባትሪው ይነቀላል፣ የአየር ቱቦው ይነሳል፣ የነዳጅ መስጫው ሽቦ ይወልቃል፣ ብሎኖቹ ይፈታሉ። ጭሱ ወደ አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ ሲታይ ብዙ ጊዜ ሰው ይስቃል። ትንሽ ጣት ሊያስገባ ይገባው የነበረው ቀዳዳ የእርሳስ ጫፍ አያስገባም። ዙሪያውን የያዘው ነገር ጥቀርሻ ብቻ አይደለም፤ ከሞተሩ የሚመጣው የዘይት እንፋሎት ከጥቀርሻው ጋር ተጋግሮ እንደ አስፋልት ጠንክሯል። ጽዳቱ ትዕግሥት ይጠይቃል፦ የካርቦራተር ማጽጃ መንፋት፣ መጠበቅ፣ በካቻቢቴ ጫፍና በወፍራም ሽቦ መፋቅ፣ እንደገና መንፋት። የሚፈረፈረው ወደ ሞተሩ እንዳይወርድ ታች ያለው መግቢያ በጨርቅ ይደፈናል፤ ጨርቁም ሳይረሳ ይወጣል። ጨርቁን ማለቴን አትናቁት። ሲገጠም አዲስ ጓርኒሲዮን ያስፈልጋል፤ አሮጌው ከተመለሰ አየር ያስገባና ሌላ ኮድ ይወልዳል።

አንዳንዱ ሰው እዚህ ሲደርስ አቋራጭ ይታየዋል። ኢጂአሩን ላሜራ ቆርጦ መድፈን በናፍጣ መኪና ላይ የኖረ ዘዴ ነው፤ ኮምፒውተር በሌለው አሮጌ ሞተር ላይ ማንም አይጠይቅም። እዚህ ግን ጠያቂው ራሱ መኪናው ነው፤ ፍሰት ሲያጣ ፒ0401 ይጽፋል፤ ለማስወገድ የተፈለገውን ኮድ ዘላለማዊ ማድረግ ይሆናል። ሞተሩም የተሠራው ኢጂአር አለ ተብሎ ነው፤ የካንዴላው እሳት የሚቀጣጠልበት ጊዜ ከዚያ ጋር ተመጥኗል፤ ሲደፈን ጭነት ላይ ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል። ከዚያም በላይ አሜሪካ ውስጥ የጭስ መቆጣጠሪያን መንቀል ወይም መድፈን በንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው።

ሌላው አቋራጭ የምርመራው ዋዜማ ላይ ኮዱን ማጥፋት ነው። መብራቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን ስካነሩ ኮዱን ሲያጠፋ የፈተናዎቹንም ውጤት ሁሉ አብሮ ያጠፋል። መርማሪው መሰኪያውን ሲሰካ መኪናው «ገና አልተፈተንኩም» ይለዋል። በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መመሪያ መሠረት ከ1996 እስከ 2000 የተሠራ መኪና ሁለት፣ ከ2001 ወዲህ የተሠራ አንድ ያላለቀ ፈተና ይዞ ሊያልፍ ይችላል፤ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉት ከዚህ ጠበቅ ያደርጉታል። ባትሪ መንቀልም ያው ነው፤ መኪናው ሁሉንም ይረሳል።

ከጥገናው በኋላ እንግዲህ መታየት ያለበት የመብራቱ መጥፋት አይደለም። ስካነሩ ላይ የፈተናዎች ዝርዝር አለ፤ ኢጂአር ከሚለው አጠገብ «ተጠናቋል» እስኪል ድረስ መኪናው በጋራዡም በባለቤቱም ዘንድ በጥገና ላይ ነው። የሚጠናቀቀው ደግሞ ሰፈር ውስጥ በመዞር አይደለም። ማለዳ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ አስነስቶ ማሞቅ፣ ሀይዌይ መውጣት፣ ነዳጁን ሳያለዋውጡ በአንድ ፍጥነት ጥቂት መሄድ፣ ወጥቶ ማቆም፣ እንደገና መመለስ። ሽማግሌው ቧንቧ ሠራተኛ ሪችመንድ ደርሰው ሲመለሱ ሳያውቁት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ፈተናው ተጠናቆ ካለፈም በኋላ አንድ የሚነበብ ነገር ይቀራል፤ ጥቂት መካኒኮች ብቻ ናቸው የሚያነቡት። ኮምፒውተሩ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብሎ አይተወውም፤ ያገኘውን ቁጥርና የማለፊያውን ድንበር ሞድ 6 በሚባለው መዝገብ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ከስልክ ጋር የሚገናኙ ርካሽ ስካነሮች ሳይቀሩ ያሳዩታል። የኢጂአሩ ቁጥር ከድንበሩ ብዙ ርቆ ካለፈ መኪናው ለባለቤቱ ይሰጥ። ድንበሩን ታክኮ ያለፈ ከሆነ ግን መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን ቀዳዳው በደንብ አልተጠረገም፤ ትሮትል ቦዲው ድጋሚ ይውረድ። የሚወጣው የአንድ ጓርኒሲዮን ዋጋና የግማሽ ቀን ሥራ ነው።